የኮከብ ተጫዋች ዋንጫና አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

በትምህርት ቤታችን በክፍሎች መካከል የሚደረገው የእግር ኳስ ውድድር በየዓመቱ ሲፈጸም ሁለት ዋንጫዎች ይሰጣሉ። ትልቁ ላሸነፈው ክፍል ነው፤ ትንሹ ደግሞ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ለተመረጠው ተማሪ ነው። ስለ ትልቁ ዋንጫ የሚከራከር የለም፤ ጎሉ ተቈጥሮ ያለቀ ነገር ነውና። ስለ ትንሹ ግን ክርክሩ ከሜዳው ተነሥቶ እስከ በሩ ይደርሳል፤ ከበሩም ወጥቶ ታክሲ እስክንይዝ ድረስ አብሮን ይሄዳል። ከፊላችን ብዙ ጎል ያገባ ይሸለም እንላለን፤ ከፊላችን በረኛውን እናነሣለን፤ አንዳንዱም ኳስ እያቀበለ ስሙ የማይጠራውን ልጅ ያስታውሳል።

ዘንድሮ ይህንኑ ክርክር ይዤ ቤት ገባሁና ለአያቴ ነገርኋቸው። አያቴ ያደጉት በካዛንቺስ ነው፤ በወጣትነታቸውም ከስታዲየም አይጠፉም ነበር። ነገሩን ጸጥ ብለው ካዳመጡ በኋላ፥ ጎል በማግባት ከሆነ ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሚበልጥ ሰው በቀላሉ እንደማይገኝ፥ ነገር ግን አቶ ይድነቃቸውን ትልቅ ያሰኛቸው ያገቡት ጎል እንዳልሆነ ነገሩኝ። እኔ ስማቸውን ከመስማት በቀር ታሪካቸውን አላውቅም ነበርና አፈርሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ያ እፍረት ነው። የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛው በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፥ በዕንቍጣጣሽ ዕለት፥ በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ስለ አውቶሞቢል ሥራ የተማሩ፥ በዚያም ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፥ በግጥም ችሎታቸው የተደነቁ ሰው ነበሩ። የአባት ስም እንዲህ ሲገንን ልጅ በጥላው ሥር የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ይድነቃቸው ግን ከአባታቸው የወረሱትን የንግግር ችሎታ ለዘፈን ሳይሆን ለስብሰባ አዳራሽ አዋሉት። ይህ ግን ኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ኳሱ ይቀድማል።

በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ እግር ኳስ የሚጫወቱት አብዛኞቹ በከተማው የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። አርመኖችና ግሪኮች፥ ሕንዶችና ጣልያኖች እርስ በርሳቸው ሲጋጠሙ የአገሩ ልጅ በዳር ቆሞ ያይ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ግን የአራዳ ወጣቶች የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብለው ሰየሙት። ከመሥራቾቹ መካከል የአየለ አትናሽና የጆርጅ ዱካስ ስም ይነሣል። ይድነቃቸው ያን ጊዜ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከዚህ ቡድን ጋራም ተቈራኝተው 23 ዓመት ሙሉ ተጫወቱ።

በዚያው ዓመት በባሕር ማዶ የሆነ አንድ ነገር እዚህ ላይ ብጠቅስ ከርእሴ የወጣሁ አይመስለኝም። በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኝ አንድ የስፖርት ክበብ በአሜሪካ ኮሌጆች ከሚጫወቱት ተማሪዎች መካከል የዓመቱን ምርጥ መርጦ መሸለም የጀመረው በ1928 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ተሸላሚ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጄይ በርዋንገር ነበር፤ ሽልማቱም ብዙ ሳይቈይ ጆን ሄይዝማን በተባለው አሠልጣኝ ስም ተጠራ። የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ኳሱ ሞላላ ሆኖ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ስለሆነ ከእኛ ጨዋታ ጋራ ዝምድናው የስም ብቻ ነው። ቢሆንም የሁለቱን አገር ልጆች ዕድል ሳስተያይ ይገርመኛል። እዚያ የኮሌጅ ተማሪ የነሐስ ሐውልት ሲቀበል፥ እዚህ የአራዳ ልጆች ኳሳቸውን ገና ሲያነሡ የፋሺስት ጦር ድንበር ጥሶ ገብቶ ነበር። ዓመቱም ሳያልቅ፥ ሚያዝያ 27 ቀን፥ ጠላት አዲስ አበባን ያዘ።

በጠላት ዘመን ኳስ ጨርሶ አልቀረም። ነገር ግን ነጭ ከነጭ፥ ጥቍር ከጥቍር ብቻ እንዲጫወት ተደረገ፤ የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ከጣልያኖች ጋራ እንዳይጋጠሙ ተከለከሉ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም በጣልያንኛ ስም ተለወጠ። እኛ የዚህ ሰፈር ልጆች የዚያን ዘመን ምልክት ሳናስበው በየቀኑ በአፋችን እንጠራዋለን፤ ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ ነውና። ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመታቸው ድረስ ያለውን ዕድሜ ያሳለፉት በዚህ ሁኔታ ነው። በጉርምስናው ወራት በቆዳው ቀለም የተነሣ ከሜዳ የተገለለ ሰው ነገሩን የሚረሳው አይመስለኝም። ኋላ የሠሩትን ሥራ ሳነብ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻነቷን ከተቀበለች በኋላ ቡድኑ ስሙን መልሶ ያዘ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የቡድኖች ውድድር ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተካፈሉ፤ አንዱ የጣልያኖች፥ አንዱ የአርመኖች፥ አንዱ የግሪኮች፥ አንዱ የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞች፥ አንዱም ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ያሸነፈው የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞች ቡድን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮ መጫወት የተከለከለው ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ሲገናኝ የተመልካቹ ስሜት ምን ይመስል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ይድነቃቸው በአጥቂነት ለቅዱስ ጊዮርጊስ በ365 ጨዋታ ተሰልፈው 318 ጎል እንዳገቡ ተመዝግቦላቸዋል። ሒሳብ የሚወድ ጓደኛዬ ይህን ሲያካፍለው በየ10 ጨዋታው ወደ 9 ጎል ገደማ ሆነ። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተጫውተዋል። በትምህርት ቤታችን እንዲህ ያለ ልጅ ቢገኝ በትንሹ ዋንጫ የሚከራከር አይኖርም ነበር። ሆኖም በዚያ ዘመን ለአፍሪካ ተጫዋች እንዲህ ያለ ሽልማት አልታሰበም። በአውሮፓ የወርቅ ኳስ የሚባለው ሽልማት በ1949 ዓ.ም. ተጀምሮ ለእንግሊዛዊው ለስታንሊ ማቲውስ ተሰጠ። የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች የሚል ሽልማት የተሰጠው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ለማሊው ለሳሊፍ ኬይታ ነው፤ መራጩም በፓሪስ የሚታተም የስፖርት ጋዜጣ ነበር። ይድነቃቸው ያን ጊዜ ጫማቸውን ከሰቀሉ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አቶ ይድነቃቸው ገና እየተጫወቱ ሳሉ በእግር ኳስ አስተዳደር ውስጥ ገብተው ነበር፤ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲደራጅ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። በ1948 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፥ ማለት ፊፋ፥ በሊዝቦን ጉባኤ ሲያደርግ የኢትዮጵያ፥ የግብጽ፥ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተገናኝተው የአፍሪካን ማኅበር ስለ ማቋቋም ተመካከሩ። በተከታዩ ዓመት በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ እኛ ካፍ የምንለው ነው። ሰዎች የአፍሪካ አንድነት በአዲስ አበባ በ1955 ዓ.ም. እንደ ተጀመረ ይናገራሉ፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን የኳሱ አንድነት ስድስት ዓመት ይቀድመዋል።

አራቱ አገሮች ማኅበሩን ሲመሠርቱ ውድድርም አሰናዱ። ኢትዮጵያ የደረሳት ከደቡብ አፍሪካ ጋራ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን በአፓርታይድ ሕጓ የተነሣ ነጭና ጥቍር የተቀላቀለበት ቡድን ለማሰለፍ አልፈቀደችም፤ ወይ ነጮች ብቻ፥ ወይ ጥቍሮች ብቻ እልካለሁ አለች። ይህ ነገር ለአቶ ይድነቃቸው አዲስ አልነበረም፤ በጠላት ዘመን በአዲስ አበባ ያዩት ነው። ጓደኞቻቸውም እሳቸውም ይህን አንቀበልም አሉና ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜው ደረሰችና በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው። እኔ ግን ከዚያ ውድድር ትልቁ ጨዋታ ያልተደረገው ጨዋታ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ውድድር በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ተደረገ፤ እዚያም አልቀናንም። ሦስተኛው በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆነ፤ የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝም አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ስታዲየሙ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ነው፤ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል ነበር። ከዚያ ወደ ካዛንቺስ ሲኬድ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ከተመረቀ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው።

ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ከቱኒዚያ ጋራ ተጋጠመች። ቱኒዚያ ሁለት ጎል ቀድማ አገባች። የሰው ልብ በቈረጠበት ሰዓት የእኛዎቹ ተነሥተው አራት አገቡና 4 ለ 2 አሸነፉ። የፍጻሜው ጨዋታ ጥር 13 ቀን፥ እሑድ ዕለት፥ በጥምቀትና በቃና ዘገሊላ ማግሥት ነበር። ተጋጣሚያችን ያን ጊዜ የተባበረ ዓረብ ሪፐብሊክ የምትባለው ግብጽ ናት፤ ሁለት ጊዜ ተከታትላ ዋንጫውን የወሰደች።

አያቴ በዚያ ቀን የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። መግቢያ ገንዘብ ስላልነበራቸው ከጓደኞቻቸው ጋራ በውጭ በአጥሩ ሥር ቆመው ጨዋታውን በጆሯቸው ተከታተሉ። ሕዝቡ ሲጮኽ ጎል አግብተናል ብለው ይቈጥራሉ፤ ሕዝቡ ጭጭ ሲል ገብቶብናል ይላሉ። ይህን የመሰለ የጎል አቈጣጠር ስሕተት ያለበት መስሎኝ ከመዝገብ ጋራ ባስተያየው ልክ ሆኖ አገኘሁት። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ አብደል ፈታሕ ለግብጽ አገባ፤ ጭጭ። በ74ኛው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ጩኸት። ጩኸቱ ሳይበርድ በ75ኛው በደዊ ደገመ። አያቴ እንደሚሉት ከሁሉ የከበደው ያ ጸጥታ ነው፤ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ አፉን ተይዞ ቀረ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን አገባ። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። በ101ኛው ደቂቃ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ አገባ፤ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ ደመደመው። 4 ለ 2። የስታዲየሙ በር ሲከፈት አያቴና ጓደኞቻቸው ገብተው የማያውቁትን ጨዋታ እንዳዩ ሰዎች ከሕዝቡ ጋራ እየዘፈኑ ወደ ሰፈራቸው ሄዱ። ዋንጫውን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ በእጃቸው ሰጡ።

የዚያ ውድድር ኮከብ ተጫዋች ሆኖ የተመዘገበው መንግሥቱ ወርቁ ነው፤ ከበደዊ ጋራ በእኩል ሦስት ሦስት ጎል አግብተው ነበር። ይገባዋል፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን በመንግሥቱ ስም ላይ የወረደው ሽልማት ሲነገር፥ ከመስመሩ ውጭ የቆመው ሰው የሚሸለምበት ዋንጫ እንዳልነበረ ልብ በሉ። ቡድኑን ያሠለጠኑት፥ ውድድሩ የሚደረግበትን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት፥ ያም ማኅበር ነጭና ጥቍር ሳይለይ እንዲጫወት የቆሙት አንድ ሰው ናቸው። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ዋንጫ እኔ አላውቅም።

ከድሉ በኋላ አቶ ይድነቃቸው ዐርፈው አልተቀመጡም። ፊፋ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካን አግዶ ነበር፤ ነገር ግን የፊፋ ፕሬዚዳንት የነበሩት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ወደዚያች አገር ሄደው ከተመለሱ በኋላ እገዳው በ1955 ዓ.ም. ተነሣ። አፍሪካውያን ተቃወሙ። እዚህ ላይ የፊፋ አሠራር መታወቅ አለበት፤ በጉባኤው እያንዳንዱ አገር፥ ትልቅም ይሁን ትንሽ፥ ያለው ድምፅ አንድ ነው። ካፍ ሲመሠረት አራት አገር ብቻ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነጻ ሲወጡና ወደ ማኅበሩ ሲገቡ ግን የድምፁ ሚዛን ተለወጠ። በ1957 ዓ.ም. መስከረም ወር በቶኪዮ በተደረገው ጉባኤ እገዳው እንደ ገና ጸደቀ።

ሌላው ክርክር የዓለም ዋንጫ ቦታ ነበር። በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው ውድድር 16 ቦታ ተመድቦ 10 ለአውሮፓ፥ 4 ለደቡብ አሜሪካ፥ 1 ለሰሜንና ለመካከለኛው አሜሪካ ተሰጠ። የቀረችው አንዲት ቦታ ለአፍሪካ፥ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድነት ሆነች። አንዲት እንጀራ ለሦስት ቤተ ሰብ ማለት ነው። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህ በደል ነው ብለው ተነሡ፤ ለመወዳደር ተመዝግበው የነበሩት 15 የአፍሪካ አገሮች ሁሉ፥ ኢትዮጵያም ጭምር፥ ከውድድሩ ወጡ። ብዙ ተጫዋቾች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የሚያገኙትን ዕድል በዚህ አጥተዋል፤ ይህን መዘንጋት አይገባም። እነመንግሥቱ ወርቁም በጕልበታቸው ዘመን የነበሩ ናቸው። አንድ የቀድሞ አጥቂ፥ የራሱን ተጫዋቾች ከዓለም ዋንጫ ደጃፍ መልሶ ሲያስቀር ምን ይሰማው ይሆን? ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ውጤቱ ግን በቶሎ ታየ፤ በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለተደረገው ውድድር አፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣትና ሞሮኮ ሄደች።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ 15 ዓመት በዚሁ ሥራ ቈዩ። በዓለም የኦሊምፒክ ኮሚቴም በአባልነት አገልግለዋል። በ1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በተደረገው የፊፋ ምርጫ ብራዚላዊው ዦአዎ ሃቨላንዥ ሰር ስታንሊ ራውስን አሸነፏቸው። ለአዲሱ ፕሬዚዳንት መመረጥ የአፍሪካ ድምፅ ብዙ ረድቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ፈጽማ ተባረረች። በ1974 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ተካፋዮች ቍጥር ወደ 24 ከፍ ሲል አፍሪካ ሁለት ቦታ አገኘች፤ አልጄሪያ በዚያ ውድድር ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ዓለም ተደነቀ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በአገራችን መንግሥት ተለውጧል። ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ደርግ ሥልጣን ይዟል፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ታስረዋል፥ ተገድለዋልም። አቶ ይድነቃቸው ግን በንጉሡ ዘመን በጀመሩት ሥራ በደርግ ዘመንም ቀጠሉ። አፍሪካ ሁሉ የመረጣቸው ሰው መሆናቸው ጠቅሟቸው ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲደረግ አገሩ በጭንቅ ውስጥ ነበር፤ ውድድሩ ግን ተፈጸመ።

ሰው እንደ መሆናቸው በሁሉ ነገር ከእሳቸው ጋራ እስማማለሁ አልልም። በእሳቸው ዘመን በካፍ ይሠራበት የነበረ አንድ ደንብ በውጭ አገር ከሚጫወቱት መካከል አንድ ብሔራዊ ቡድን ከሁለት ሰው በላይ እንዳያሰልፍ ይከለክል ነበር። አፍሪካዊ ተጫዋች ወደ አውሮፓ እንዳይፈልስና በአገር ውስጥ ያለው ውድድር እንዳይራቈት የታሰበ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን እንጀራውን ፍለጋ የወጣ ልጅ ለአገሩ እንዳይጫወት ማድረጉ እኔን ከባድ ሆኖ ይሰማኛል። ደንቡም በ1970ዎቹ ውስጥ ተሽሯል። አያቴ ደግሞ ትክክል ነበሩ ይላሉ፤ ዛሬ ሕፃናቱ ሁሉ የእንግሊዝ ቡድን ማልያ ለብሰው የራሳቸውን ሰፈር ቡድን ስም አለማወቃቸውን በምስክርነት ያቀርባሉ። እኔም ማልያ ስላለኝ በዚህ ጊዜ ዝም እላለሁ።

አቶ ይድነቃቸው በካንሰር ሕመም ታመው በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ 13 ቀን ዐረፉ። ዕለቱ ቡሄ ነበር። በዕንቍጣጣሽ ተወልደው በቡሄ፥ በሁለት የልጆች በዓል መካከል 65 ዓመት ኖሩ። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ስትላቀቅና ወደ ፊፋና ወደ ካፍ በ1984 ዓ.ም. ስትመለስ አላዩም። ያች አገር በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በሜዳዋ ስትወስድ፥ ነጩ ኒል ቶቪ አምበል፥ ጥቍሩ ማርክ ዊሊያምስ ጎል አግቢ ሆነው አንድ ማልያ ለብሰው ነበር። ይህ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የተጠየቀውና እንቢ የተባለው ቡድን ነው። አፍሪካም በዓለም ዋንጫ ያላት ቦታ በ1990 ዓ.ም. አምስት ደረሰ።

አያቴ ለዚህ ጽሑፍ የነገሩኝን ሁሉ ካወጉኝ በኋላ አንድ ነገር እንዳልረሳ አስጠነቀቁኝ፤ እሱን ጽፌ አበቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን ያሉት ስታዲየሞች የካፍን ደረጃ አያሟሉም ስለ ተባለ ብሔራዊ ቡድናችን በሜዳው ሊያደርግ የሚገባውን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ። ኅዳር 2 ቀን ከጋና ጋራ የተጋጠምነው በደቡብ አፍሪካ፥ በጆሃንስበርግ፥ በኦርላንዶ ስታዲየም ነው። በቴሌቪዥን አብረን አየን። ጋና ቀድማ አገባች፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገና 1 ለ 1 አለቀ። ጌታነህ ሲያገባ እኔ ዘልዬ ተነሣሁ። አያቴ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ሜዳው በእርግጥ ጆሃንስበርግ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝና መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።